ፋብሪካ የተዋቸውን ጓሮ አቆያቸው

የአንድን ሕዝብ ታሪክ ማወቅ የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ ቤተ መዘክር ነው። የሃያኛውን ክፍለ ዘመን አሜሪካ ለማወቅ ግን ሌላም በር አለ። ይኸውም ከመኖሪያ ቤት ጎን የምትሠራው የመኪና ማሳደሪያ በር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዲትሮይት ዳርቻ ወይም በካሊፎርኒያ እንዲህ ያለውን በር ገፋ ያደረገ ሰው፣ ሞተሯ ወርዶ፣ ወንበሮቿ ተነቅለው፣ ቀለሟ እስከ ላሜራዋ ተፍቆ በክሪክ ላይ የቆመች የ1960ዎቹ መኪና ቢያገኝ አይደነቅ። አጠገቧ ቱታ ለብሶ የሚታገለው ሰው መካኒክ ላይሆን ይችላል። ምናልባት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ምናልባትም የትምህርት ቤት መምህር። መኪናዋን ከገዛት አምስት ዓመት አልፎት ይሆናል፤ ከግቢ ግን ገና አልወጣችም።

ለመሆኑ ይህን ሰው ምን ነካው? በዚያ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ አዲስ መኪና ገዝቶ አይገላገልም? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ወደ ኋላ ወደ 1930ዎቹ መመለስ ያስፈልጋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካውያን "መስል ካር" የሚሏት ይህቺ ባለጡንቻ መኪና የተወለደችው በጓሮ ነው። ከጓሮ ወደ ፋብሪካ ሄደች፤ ፋብሪካው ሲተዋት ተመልሳ ወደ ጓሮ ገባች። ዛሬ በወዳጆቿ መካከል የሚካሄደው ጠብም ከዚሁ ታሪክ የመነጨ ነው።

የነገሩ መነሻ ድህነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሄንሪ ፎርድ ኩባንያ ከ1908 እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል "ሞዴል ቲ" መኪኖች ሠርቷል። ከዚህ ሁሉ ብዛት የተነሣ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት እንኳ ጥቂት ዶላር ያገኘ ወጣት አሮጌ ፎርድ መግዛት አያቅተውም ነበር። በ1932 ደግሞ ፎርድ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ተራው ሰው ሊደርስበት በሚችል ዋጋ ለገበያ አዋለ። ጉልበቱ 65 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቢሆንም እስከዚያ ዘመን ድረስ ስምንት ሲሊንደር የሀብታም ዕቃ ነበርና ነገሩ ትልቅ ወሬ ሆነ።

የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ከእነዚህ አሮጌ ፎርዶች ላይ ፓራፋንጎውን፣ የፊት መስተዋቱን፣ ለመንዳት የማያስፈልገውን ሁሉ እየነቀሉ ጣሉ፤ የሚቀንስ ክብደት ሁሉ ፍጥነት ነውና። ቴስታታውን አስሞርደው የሞተሩን እመቃ ያሳድጋሉ። በአንድ ካርቡራተር ፈንታ ሁለትና ሦስት ይደረድራሉ። ከዚያም ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ወዳለው በረሃ ነድተው ሙሮክና ኤል ሚራዥ በተባሉት የደረቁ ሐይቆች ወለል ላይ ፍጥነታቸውን ይለካካሉ። በ1937 ይህንኑ ውድድር ሥርዓት የሚያስይዝ የደቡብ ካሊፎርኒያ ማኅበር ተመሠረተ። የተሠሩት መኪኖችም "ሆት ሮድ" የሚል ስም ወጣላቸው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነገሩን ከማቆም ይልቅ አበዛው። ጦር ሠራዊቱ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ወጣቶችን የአውሮፕላን፣ የታንክና የካሚዮን ሞተር መፍታትና መግጠም አስተምሮ ወደ ቤታቸው መለሳቸው። እጃቸው ሥራ ለምዷል፤ በኪሳቸውም ጥቂት ገንዘብ አለ። በጥር 1948 ሮበርት ፒተርሰን የተባለ ወጣት "ሆት ሮድ" የሚል መጽሔት ማሳተም ጀመረ። የመጽሔቱ አዘጋጅ የነበረው ዋሊ ፓርክስ ደግሞ በ1951 የእሽቅድምድሙን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ ዋና ዓላማ ወጣቶቹን ከአውራ ጎዳና አውጥቶ ወደ ተከለለ ሜዳ መውሰድ ነበር። በመንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙት ልጆች ራሳቸውንም መንገደኛውንም ይገድሉ ነበርና።

የዲትሮይት ኩባንያዎች ይህን ሁሉ ዝም ብለው አልተመለከቱም። በ1949 ኦልድስሞቢል አዲስ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተሩን ቀለል ባለ አካል ላይ ገጥሞ "ሮኬት 88" የተባለችውን መኪና አወጣ። በታኅሣሥ 1953 ደግሞ በጄኔራል ሞተርስ ገና አዲስ ተቀጣሪ የነበረው መሐንዲስ ዞራ አርከስ ደንቶቭ ለአለቆቹ አንድ ማስታወሻ ጻፈ። የማስታወሻው ፍሬ ነገር ቀላል ነው። ወጣቶቹ የሚያነቧቸው መጽሔቶች በፎርድ የተሞሉ ናቸው፤ ዛሬ በፎርድ የለመደ ልጅ ነገ ጎልምሶ አዲስ መኪና ሲገዛም ፎርድ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ ሸቭሮሌ ለእነዚህ ልጆች የሚሆን ዕቃ ራሱ ሠርቶ ያቅርብላቸው የሚል ነበር። በ1955 የወጣው ቀላልና ርካሽ የሸቭሮሌ 4.3 ሊትር ሞተርም ብዙ ሳይቆይ የጓሮ መካኒኮች ሁሉ ወዳጅ ሆነ።

ባለጡንቻዋ መኪና ግን በእውነት የተወለደችው በሕግ ቀዳዳ ሾልካ ነው። በጥር 1963 ጄኔራል ሞተርስ ቅርንጫፎቹ በሙሉ በእሽቅድምድም እንዳይሳተፉ ከለከለ። ክልከላው በተለይ ዝናውን በውድድር ላይ የገነባውን ፖንቲያክን ጎዳው። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያን እና ባልደረቦቹ ቢል ኮሊንስና ራስል ጊ በዚህ ጊዜ አንድ ዘዴ ታያቸው። ቴምፔስት የምትባለው መካከለኛ መኪናቸው የምትይዘው 5.3 ሊትር ሞተር ከትልቁ 6.4 ሊትር ሞተር ጋር የውጭ መጠኑ አንድ ዓይነት ነው። ያለ ብዙ ችግር ትልቁ በትንሹ ቦታ ሊገባ ይችላል። ይሁንና የኩባንያው ደንብ ለመካከለኛ መኪና ከ5.4 ሊትር የበለጠ ሞተር አይፈቅድም። ደንቡ የሚናገረው ግን ስለ መደበኛው ሞተር እንጂ ገዢው ተጨማሪ ከፍሎ ስለሚያዝዘው አልነበረም። ስለዚህ ትልቁን ሞተር ለቴምፔስት በተጨማሪ ክፍያ የሚታዘዝ ዕቃ አድርገው አቀረቡት። ስሙንም ከጣሊያኖቹ ከፌራሪ ወስደው "ጂቲኦ" አሉት። አለቆች እያንገራገሩ ለ5,000 መኪና ብቻ ፈቀዱ። በ1964 የተሸጠው 32,450 ሆነ!

እንግዲህ ልብ እንበል። ዴሎሪያን ያደረገው ነገር የካሊፎርኒያ ልጆች ከሠላሳ ዓመት በፊት ሲያደርጉት ከነበረው በምን ይለያል? ትልቅ ሞተር አንሥቶ ትንሽ መኪና ውስጥ መክተት ነው። ልዩነቱ ልጁ በራሱ እጅ ይሠራው የነበረውን አሁን ፋብሪካ ሠርቶ በዱቤ መሸጡ ብቻ ነው። ከጓሮው ጥበብ ጋር የጓሮውን ግድየለሽነትም አብሮ ሸጠው። የ1964ቷ ጂቲኦ ቢያንስ 325 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ አራቱም ጎማዎቿ ግን የሚቆሙት በታምቡር ፍሬን ነበር። ከፍጥነት ላይ ደጋግሞ ሲረገጥ የሚግልና የሚከዳ ፍሬን ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሩጫ ነው። ፎርድ በሚያዝያ 1964 ሙስታንግን አስተዋወቀ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ ሚሊዮን ተሠራች። ክራይስለር በ1966 "ሄሚ" የተባለውን 7 ሊትርና 425 የፈረስ ጉልበት ያለው የውድድር ሞተሩን ለመንገድ መኪና አቀረበ። በ1967 ካማሮ መጣች። በ1968 ፕሊመዝ ለዝነኛው የካርቱን ወፍ ስም 50,000 ዶላር ከፍሎ "ሮድ ራነር" የምትባል፣ ምንጣፍ እንኳ የሌላት፣ ዋጋዋ ከ3,000 ዶላር በታች የሆነ መኪና አወጣ። ጥሩንባዋም እንደ ወፊቱ "ቢፕ ቢፕ" ይላል። በ1970 የሸቭሮሌ ሸቬል 7.4 ሊትር ሞተርና 450 የፈረስ ጉልበት ይዛ ቀረበች። በዚያ ዘመን በእኛ ከተማ መንገድ ላይ ሞልቶ የነበረው የቮልስዋገን ሞተር 1.2 ሊትር እንደነበር ያስታወሰ ሰው ልዩነቱን ይገምተዋል።

ካልጠገቡ አይዘሉም፤ ካልዘለሉ አይሰበሩም ይላል ያገራችን ሰው። ስብራቱ ከአራት አቅጣጫ መጣ። በመጀመሪያ በወጣቶች አደጋ የተማረሩት የመድን ድርጅቶች በእነዚህ መኪኖች ላይ ከባድ ተጨማሪ ክፍያ ጣሉ፤ ለሃያ ዓመት ልጅ መድኑ እንደ መኪናዋ ወርኃዊ ክፍያ የሚከብድ ሆነ። ሁለተኛ፣ በ1966 የወጣው የመኪና ደኅንነት ሕግ ፋብሪካዎቹን መቆጣጠር ጀመረ። ሦስተኛ፣ በታኅሣሥ 1970 መጨረሻ የተፈረመው የንጹሕ አየር ሕግ ከጭስ የሚወጣው ዋና ዋና መርዝ በ90 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። ጄኔራል ሞተርስም በ1971 የሞተሮቹን እመቃ ሁሉ ዝቅ አደረገ። አራተኛ፣ በጥቅምት 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉና በየማደያው ሰልፍ ሆነ። የሄሚ ሞተር በ1971 ቀረ። ጂቲኦ በ1974 ተሰናበተች። በዚያው ዓመት የወጣችው አዲሷ ሙስታንግ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ጭራሽ አልነበራትም። ዘመኑ በሙሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሥር ዓመት ብቻ ነበር።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ በ1970ዎቹ መካከል እነዚህ መኪኖች ነዳጅ የሚጠጡ አሮጌ ብረቶች ብቻ ነበሩ። በጥቂት መቶ ዶላር ይሸጡ ነበር። ብዙዎቹ ተጨፈለቁ። በሰሜኑ ክፍላተ ሀገር ደግሞ ለክረምት በረዶ ማቅለጫ በመንገድ የሚበተነው ጨው ከሥር በልቶ ጨረሳቸው። የተረፉት የተረፉት አንድ ሰው በጎተራ ወይም በጓሮ ሸራ አልብሶ ስለተዋቸው ነው። በ1968 ዋጋዋ ያልተቻለው ወይም ለቬትናም ጦርነት ተመልምሎ የሄደ ወጣት በ1980ዎቹ ወደ አርባ ዓመቱ ተጠጋ፤ ደመወዙም ጠና አለ። ያን ጊዜ ፍለጋው ተጀመረ።

የቤት ውስጥ እድሳት ምን እንደሚመስል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጀማሪው ሰው ሥራው ሞተሩ ላይ ያለ ይመስለዋል። ሞተር ግን ቀላሉ ነው። የሚወርድ፣ የሚፈታ፣ ተለክቶ የሚታደስ፣ ዕቃውም በየሱቁ የሚገኝ ነው። ዋናው ጠላት ዝገት ነው። ለምሳሌ የቀድሞዎቹ ሙስታንጎች ከፊት መስተዋቱ ሥር ያለው የአየር መግቢያ ላሜራ ይበሰብስና የዝናብ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ወለሉን ይበላዋል። ሙስታንግ ደግሞ እንደ ካሚዮን ለብቻው የተሠራ ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ ነው ተሸካሚው። ስለዚህ ወለሉ ከተበላ የሚጎድለው ጌጥ ሳይሆን አከርካሪ ነው። የቀድሞው ባለቤት በስቱኮ ሞልቶ በቀለም የሸፈነው ቀዳዳ ሁሉ ሲፈቀፈቅ ብቅ ይላል። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ሲበየድም አካሏ እንዳይጣመም በሮቹን ገጥሞ፣ ደግፎ፣ ደጋግሞ መለካት ያሻል።

ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው መፍቻ ሳይሆን ካሜራ ነው። እያንዳንዷን ክፍል ከመፍታቱ በፊት ፎቶግራፍ ያነሣል። ቡሎንና ዳዶውን በከረጢት ከትቶ ከየት እንደተፈታ ይጽፍበታል። ይህን ንቆ በአንድ ቅዳሜና እሑድ የበታተነ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ሦስት ባልዲ ሙሉ ብሎን ፊት ተቀምጦ ይተክዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በአሜሪካ ጋዜጦች የሽያጭ ዓምድ ላይ "ተፈትታ በካርቶን ያለች" የምትባል መኪና ሳትጠፋ የኖረችው በዚሁ ምክንያት ነው። የአንዱ ትዳር መፍረስ ወይም ሥራ ማጣት ለሌላው የሥራ መጀመሪያ ይሆናል።

እንደኛው ሶማሌ ተራ ሁሉ እዚያም መለዋወጫ የሚፈለገው መጀመሪያ ከወደቁ መኪኖች ላይ ነበር። ፈላጊው ሲበዛ ግን የጥንቱን ዕቃ አስመስለው የሚሠሩ ድርጅቶች ተነሡ። ዛሬ የ1967 ሙስታንግ ወይም የ1969 ካማሮ ሙሉ አካል አዲስ ተሠርቶ መግዛት ይቻላል። ሞተሩ አዲስ፣ ላሜራው አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ ከሆነ ታዲያ አሮጌዋ መኪና የቷ ነች? የወዳጆቿ ጠብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ወገን መኪናዋ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን እንደነበረች ትመለስ ይላል። ለዚህ ወገን ዋናው ነገር ቁጥር ነው። በሞተሩና በካምቢዮው ላይ የተመታው ቁጥር ከአካሏ ቁጥር ጋር ይስማማል ወይ? የቴስታታው የምርት ቀን መኪናዋ ከተገጠመችበት ቀን ይቀድማል ወይ? አንዳንድ ጊዜ በወንበሩ ሥር ወይም በነዳጅ ጋኑ ላይ ሠራተኞቹ ጥለውት የቀረ የፋብሪካ የሥራ ወረቀት ይገኛል። ያቺ የተበላች ወረቀት ከሊብሬ የበለጠ ዋጋ አላት። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። በ1971 የተሠሩት ሄሚ ሞተር ያላቸው ጣሪያ ክፍት ፕሊመዝ ባራኩዳዎች 11 ያህል ብቻ ነበሩ። ከነሱ አንዷ በ2014 በጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሽጣለች።

ገንዘብ ባለበት ማጭበርበር አይጠፋም። ተራ መኪና ገዝቶ ምልክት ለጥፎ፣ ቁጥር ፍቆና መትቶ ውድ አስመስሎ መሸጥ ተለመደ። የታሪክ ምፀት ሆኖ ለዚህ ከተመቹት አንዷ የመጀመሪያዋ ጂቲኦ ናት። በ1964 እና በ1965 ጂቲኦ በተጨማሪ ክፍያ የምትታዘዝ ዕቃ እንጂ ራሷን የቻለች ሞዴል ስላልነበረች የአካሏ ቁጥር ከተራዋ አይለያትም። ዴሎሪያን አለቆቹን ያለፈባት ቀዳዳ ዛሬ አጭበርባሪ ገዢውን የሚያልፍባት ቀዳዳ ሆነች። መፍትሔው የፋብሪካውን የሽያጭ መዝገብ ማገላበጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወገን መኪና ለመነዳት ነው የተሠራችው ባይ ነው። መልኳን እንደነበረ ትቶ ውስጧን ይለውጣል። ፑንቲናውን አውጥቶ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ፣ ካርቡራተሩን አንሥቶ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ፣ በታምቡር ፋንታ ዲስክ ፍሬን፣ በአራት ማርሽ ፋንታ አምስት ይገጥማል። በ1997 ከኮርቬት ጋር የወጣው የጄኔራል ሞተርስ ቀላል ሞተር በየዓይነቱ አሮጌ መኪና ውስጥ እየገባ ነው። ይህ ወገን የሚያቀርበው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እስከ 1966 የተሠሩት ሙስታንጎች የፍሬን ዘይት መሥመራቸው አንድ ብቻ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ልጆቹን ከኋላ ጭኖ የሚሄድ አባት ይህን መለወጡ ታሪክን ማርከስ ነው ሊባል ይችላል?

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ያላቸውን ያህል እውነት ይዘዋል። የሚያለያያቸው መሥመር ግን በመለወጥና ባለመለወጥ መካከል መሰመር የለበትም። መለኪያው ሁለት ነው። አንደኛው፣ የተደረገው ሊመለስ ይችላል ወይ? በቡሎን የታሠረ ዲስክ ፍሬን ነገ ተፈትቶ ታምቡሩ ሊመለስ ይችላል፤ በመጋዝ የተቆረጠ ፓራፋንጎ ግን አይመለስም። ሁለተኛው፣ የሠራው ሰው የሠራውን በግልጽ ይናገራል ወይ? በመቶ ሺሕ ከሚቆጠሩት ባለስድስት ሲሊንደር ሙስታንጎች አንዷን ቆርጦ እንደ ልቡ የሠራ ሰው ማንንም አልበደለም። ከአሥራ አንዶቹ አንዷን የቆረጠ ግን የአንድ ዘመን ሰነድ ቀደደ። ቁጥር ፍቆ አዲስ ቁጥር የመታ ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ ጻፈ።

ለዚህ ክርክር ፍርድ የሚሰጥ የሚመስል አንድ ምሳሌ አለ። በ1968 በወጣው "ቡሊት" በተሰኘው ፊልም ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን በሳን ፍራንሲስኮ ቁልቁለቶች ላይ ያስፈነጠራት አረንጓዴ ሙስታንግ ከፊልሙ በኋላ በ1974 በአንድ ተራ ቤተሰብ እጅ ገባች። እማወራዋ እየነዱ ለማስተማር ትምህርት ቤት ይሄዱባት ነበር። በ1977 ማክዊን ራሱ እንዲሸጡለት በደብዳቤ ቢለምን አልሸጡለትም። በኋላ ፍሪሲዮኗ ሲያልቅ ቆመች። አባትና ልጅ ለዓመታት ሊያድሷት ሲያስቡ ኖሩ፤ አባትየው ግን የመጨረሻውን ሳያይ አረፈ። ልጁ በ2018 በዲትሮይት የመኪና ትርዒት ላይ ሲያቀርባት እንድትነዳ አድርጓት ነበር እንጂ ቀለሟን አልቀባም። ዝገቷ፣ ጭረቷ፣ ለፊልም ካሜራ የተበየደባት ማሰሪያ ሁሉ እንዳለ ነበር። በጥር 2020 በፍሎሪዳ ጨረታ 3.74 ሚሊዮን ዶላር ወጣባት። ይህቺ መኪና "እንደ ፋብሪካዋ" አይደለችም፤ ለቀረጻው ሲባል ሞተሯንም ሞላዋንም ማክስ ባልቾውስኪ የተባለ የሆሊውድ የውድድር መኪና ሠሪ ለውጦታል። የተከፈለው ዋጋ የተከፈለው ለአዲስነቷ ሳይሆን የደረሰባት ሁሉ ሳይደበቅ በላይዋ ላይ ስለሚነበብ ነው።

ፋብሪካዎቹ ከ2000 ወዲህ ያንኑ ዘመን በናፍቆት መልሰው ሲሸጡት ቆይተው ነበር። በ2023 መጨረሻ ግን ዳጅ ባለስምንት ሲሊንደር ቻሌንጀሩንና ቻርጀሩን መሥራት አቆመ። ካማሮም በዚያው ሰሞን ቆመች። ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ አየሩን ለሚተነፍሰው ሕዝብ ሲባልም ይህ መሆኑ የሚያስከፋ አይደለም። እነዚያ ሞተሮች የከተማ ሰው ሳንባ ላይ ያደረሱትን ጉዳት ውበታቸው አይክሰውም።

የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። በ1937 በደረቅ ሐይቅ ላይ የተሰበሰበው ልጅ የሚነዳውን ነገር ፈትቶ ያውቀው ነበር። ሲበላሽ ከራሱ ሌላ የሚወቅሰው አልነበረውም፤ ሲሠራም የሚያመሰግነው ሌላ አልነበረም። ዛሬ የምንገለገልበት ዕቃ ሁሉ እንዳይፈታ ሆኖ የታሸገ፣ ሲበላሽ የሚጣል ነው። ጓሮው ውስጥ ላሜራ የሚበይደው የፖስታ ቤት ሠራተኛ የሚያድነው ብረቱን ብቻ ከመሰለን ተሳስተናል። ሰው የተጠቀመበትን ነገር የማወቅና በእጁ የማቃናት መብት እንዳለው የሚያምን አንድ ልማድ አለ፤ ሰውዬው የሚያቆየው ይህን ልማድ ነው። ፋብሪካ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ትቷታል። ጓሮው ግን እስካሁን አልተዋትም።